ሥራ አልተገኘም

«እማ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ የምልክልሽን መልእክት ማን ያነብልሻል?»

ልጅቷ ይህን የጠየቀችው ረቡዕ ጠዋት የጫማዋን ክር እያሰረች ነው። እናትየው የልጇን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበርና ካውያውን ብድግ አድርጋ ቆመች። «ሸሚዝሽ ደርሷል፣ እንኪ ልበሺ» ብላ ነገሩን አድበስብሳ አለፈችው።

ልጅቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ትሠራበት የነበረው ትንሽ ድርጅት ከተዘጋ ስምንት ወር ሆኖታል። በእነዚህ ስምንት ወራት ያላንኳኳችው በር የለም። በመጨረሻ ሥራ የተገኘው በአውቶቡስ ሙሉ ቀን በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው። እሁድ ጠዋት ትሄዳለች። እናትየው ሰው ሲጠይቃት «እሰይ! ልጄ ተሳካላት!» ትላለች። ብቻዋን ስትሆን ግን የልጇን አልጋ ደጋግማ ታነጥፋለች። አባትየው ከሞተ ወዲህ በዚያች ባለሁለት ክፍል ቤት ከሁለቱ ሌላ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ከመለያየቱ ይልቅ የሚያስጨንቃት ግን ሌላ ነገር ነበር። ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ማንበብ አትችልም። ባለፈው ዓመት ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል የጎልማሶች ትምህርት ጀምራ ፊደሉን አንድ በአንድ ለይታለች። መገጣጠሙ ግን አልሆነላትም። ፊደሎቹን ለየብቻ ታውቃቸዋለች፤ ተሰልፈው ሲመጡባት ግን ትደናገጣለች። መምህርቷ ሰሌዳውን ልታጠፋ ዳስተሯን ባነሳች ቁጥር እናትየው ከኋላ ወንበር «ቆይ እስቲ!» ትላለች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ትይዛለች። እንዲህ እያለች ነው ክፍሉ ውስጥ «እትዬ ቆይ እስቲ» የሚል ስም የወጣላት። አንዳንዴ መምህርቷም ትረሳና በዚሁ ስም ትጠራታለች።

ልጅቷ ከሦስት ዓመት በፊት ለሥልጠና ወጣ ብላ በነበረ ጊዜ መልእክቶቿን ታነብላት የነበረችው ከታችኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤት ናት። ሰዉ ሁሉ «ራዲዮኗ» ይላታል። ደግ ሴት ናት፤ ክፋት የለባትም። ግን በእሷ ጆሮ የገባ ነገር ሁሉ ይሰራጫል። አንድ ቀን ልጅቷ «ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል» ብላ ጻፈች። ምሳ ሰዓት ላይ ጉንፋኑ ደረጃውን ወርዶ የሳንባ ምች ሆነ። አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ሴቶች «እግዜር ይማራት» ሊሉ መጡ። እናትየው ልጇ መሞቷን ሰምተው የመጡ መስሏት በሩ ላይ ወደቀች።

ያ ቀን አይረሳትም። የልጇን ነገር በሰው አፍ ከመስማት በዓይኗ ልታነብ ቆርጣ ትምህርት የገባችው በዚያ ምክንያት ነው።

ለዚህ የረዳት ደግሞ አሮጌው ኮምፒውተር ነበር። ድርጅቱ ሲዘጋ ልጅቷ ይዛው የመጣችው ነው። በውስጡ ማንበብ የሚያስተምር ፕሮግራም አለ። አንድ ቃል ይወጣል፣ ወይም ራስ ፊደሉን መትተው ያስገቡታል፤ ቁልፍ ሲጫኑ የሴት ድምፅ ቃሉን ጥርት አድርጎ ያነበዋል። ፕሮግራሙን የሠሩት ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ናቸው አሉ፤ ማንም እንዲወስደው ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀምጠውታል። እናትየው ከሥራ ስትመለስ ፊቱ ትቀመጣለች። ይህ አስተማሪ መቶ ጊዜ ቢጠየቅ መቶ ጊዜ ይመልሳል፤ አይሰለችም፤ አያዛጋም፤ አይስቅባትም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ዝም አለ። ቃሉ ይወጣል፤ ድምፅ የለም። እናትየው ሦስት ቀን እህል ሳትቀምስ ከረመችና በአራተኛው ቀን ለልጇ ተናዘዘች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። አቧራ አየሁበትና በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት።»

«አንቺ አይደለሽም እማ፣ እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። «ሲስተሙን አድሼው ነበር። ድምፁ የቀረው ከአዲሱ ጋር ስላልተስማማ ነው። ከመሄዴ በፊት አስተካክልልሻለሁ።»

እናትየው አፏን ሞልታ «እሺ» አለች። ቀኑን ግን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ልጇ እሁድ ትሄዳለች። ከዚያ በፊት ካልተሠራ ኮምፒውተሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ያለ ድምፁ ደግሞ ያነበበችው ትክክል ይሁን ስህተት በምን ታውቃለች? እንደገና ወደ ራዲዮኗ በር መሄድ ነው።

ሐሙስ ዕለት እናትየው ድንች ስትልጥ ልጅቷ በሚቀጥለው ክፍል ከድሮ የሥራ ባልደረባዋ ጋር በስልክ ታወራለች።

«ዝግጁ የሆነው አይገጥምም። ይሄ ማሽን አሮጌ ነው። ስለዚህ ላይብረሪውን ከምንጩ ገንብቼ ነው የምጭነው… አዎ፣ ሙሉውን። ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ። እሁድ ከመሄዴ በፊት መጫን አለበት።»

እናትየው ቢላዋውን አስቀመጠች። ላይብረሪ ታውቃለች፤ ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ አለ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው። ምንጭም ታውቃለች። ልጇ የት ምንጭ ዳር ምን ልትገነባ እንደሆነ አልገባትም። ያ ሁሉ መጽሐፍ እሁድ እንደሚጫን ግን በደንብ ሰምታለች። «እንዲህ ያለ ሸክም ይዛ ልትሄድ ኖሯል! ለእኔ ያልነገረችኝ አዝናልኝ ነው» አለች ለራሷ።

ዓርብ ከመምሸቱ በፊት ከሥራ ስትገባ ስድስት ባዶ ካርቶን በገመድ አስራ በጭንቅላቷ ተሸክማ ነበር። የምትሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ ካርቶኖቹ ሳሙና የመጣባቸው ናቸው፤ የሰጧት «ጋሼ» የምትላቸው ባለቤቱ ናቸው።

«ይሄ ምንድን ነው እማ?»

«ለላይብረሪው ነው። ካነሰ ጋሼ ነገም እሰጥሻለሁ ብለውኛል። መኪናው ግን ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው? ወገብሽን ደግሞ አደራ፤ መጽሐፍ ሲያዩት ነው እንጂ ድንጋይ ነው።»

ልጅቷ ካርቶኖቹንና እናቷን አፈራርቃ አየች። ከዚያ ነገሩ ገባትና አልጋው ላይ ተዘርራ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል አንቺ! ‹እጭናለሁ› አላልሽም?»

«ብያለሁ! ግን መኪና ላይ አይደለም እኮ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ነው!»

«በዚህች ሚጢጢ ላይ? ስድስት ካርቶን መጽሐፍ?»

ልጅቷ ሆዷን ይዛ ተነሳችና እናቷን አጠገቧ አስቀመጠቻት። ላይብረሪ የሚባለው መጽሐፍ ሳይሆን ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነገር ክምችት መሆኑን ነገረቻት፤ የእሷ ፕሮግራም ድምፁን የሚያገኘው ከዚያ ነው። እናትየው ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አልገባትም። ልጅቷ ዙሪያዋን ስታይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሸሚዝ አየች።

«ይኸውልሽ። ዝግጁ ልብስ ትገዢያለሽ፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ልክ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ይጠባል። የኛ ኮምፒውተር አርጅቷል፤ ትከሻው ጎብጧል፤ ዝግጁው አይሆነውም። ምንጭ ያልኩሽ ጨርቁና ልኩ ነው። መምህሩ እሱንም በነጻ ሰጥተዋል። እኔ እዚሁ ቤት በኮምፒውተሩ ልክ ቀድጄ እሰፋዋለሁ። መገንባት ማለት እሱ ነው። ከዚያ አለብሰዋለሁ፤ መጫን ማለት ደግሞ እሱ ነው።»

«ታዲያ ‹እሰፋለታለሁ› አትዪም!» አለች እናትየው። «ሰው ይጨነቃል እኮ።» ወዲያው ደግሞ አሰበችና፣ «ጨርቁንም ልኩንም በነጻ? ሳያውቁን? እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው።»

ካርቶኖቹን አልጋው ሥር ሸጎጠቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራው ተጀመረ። እናትየው ከልጇ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ የተቀመጠች ይመስል ነበር። መምህሩ ፕሮግራሙ የሚያወጣቸውን መልእክቶች ሁሉ በአማርኛ ነው የጻፏቸው። ልጅቷ ማሽኑ የጎደለው ነገር እንዳለ እንዲያይ አዘዘችው። ጥቂት ቆይቶ አንድ መስመር ጣለ።

«‹ላይብረሪው ጥገኛ ነው፤ የሚደገፍበት አልተገኘም› ይላል» ብላ ልጅቷ አነበበች።

እናትየውን ጎርበጥ አላት። «ማነው ጥገኛው? እኔን ነው?»

«ኧረ እማ! ይሄ ላይብረሪ ድምፅ የሚያጫውት ሌላ ላይብረሪ ይፈልጋል፤ ያለ እሱ አይቆምም ማለቱ ነው። ጥገኛ ያልሆነ ፕሮግራም የለም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ጀርባሽ ላይ ነበርኩ?»

«እሱንስ ወገቤ ይመስክር» አለች እናትየው፤ ፊቷ ፈታ አለ።

የጎደለው ተገኘ። ግንባታው ተጀመረ። መስመሮች በጥድፊያ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ልጅቷ ሻይ አፈላች፤ ሻዩ ተጠጣ፤ መስመሮቹ አሁንም ይወጣሉ። ከዚያ ቀጥ አለ። በቀይ ቀለም አንድ መስመር ብቻ ቀረ። እናትየው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስትቆጥር ልጅቷ ቀደመቻትና አነበበች።

«‹ሥራ አልተገኘም።›»

ልጅቷ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ይሄንንማ እኔም ነግሬው ነበር» አለች ልጅቷ። «ስምንት ወር ፈልጌ አጥቼዋለሁ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ደረቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላይብረሪው የቃላት ዝርዝር አለው። ለእያንዳንዱ ቃል ደግሞ የሴትየዋ ድምፅ የተቀዳበት አንድ ፋይል አለ፤ የፋይሉ ስም ቃሉ ራሱ ነው። ማሽኑ ዝርዝሩን ይዞ ድምፁን ይፈልጋል። ከዝርዝሩ ላይ «ሥራ» የሚለው ቃል ሲደርስ ፋይሉን አጣው። ልጅቷ የፋይሎቹን ማኅደር ከፈተች።

«አለ እኮ! ይኸው! ስራ! ዓይን የለህም እንዴ?» አለች ማሽኑን።

እንደገና አስጀመረችው። ሥራ አልተገኘም። ፋይሉን አጥፍታ እንደ አዲስ አወረደችው። ሥራ አልተገኘም። ማሽኑን ዘግታ ከፈተችው። ሥራ አልተገኘም። ለድሮ ባልደረባዋ ደወለችለት፤ እሱም «ፋይሉ ካለ ታዲያ ምን ሆነ?» ብሎ ጥያቄዋን ለራሷ መለሰላት። የቀኑ ስድስት ሰዓት አለፈ። ሻንጣዋ ገና አልተዘጋም። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እማ፣ አልሆነም። ይቅርታ። እዚያ ደርሼ ምናልባት…»

እናትየው ግን እንደልማዷ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ መስታወት አላነሳችም። ከላይ ቀዩ መስመር አለ፤ ከታች የፋይሉ ስም። እሷ ቃሉን አላነበበችውም፤ ማንበቡማ ገና ነው። ያየችው መልኩን ነው።

ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው እንደዚሁ ነበር። እያንዳንዱ ልብስ ላይ የደንበኛው ስም ያለበት ቁራጭ ወረቀት በመርፌ ይያዛል፤ ግማሹ በደንበኛው እጅ ይቀራል። እሷ ስሙን አታነብም። ሁለቱን ቁራጭ ጎን ለጎን ትይዝና ጭረት በጭረት፣ እግር በእግር ታስተያያለች። አንድ ቀን የአንዱን ኮት ለሌላው ሰጥታ አታውቅም። ማንበብ የሚችሉት ሠራተኞች ግን ሰጥተዋል፤ ስሙን በአፋቸው ሲጠሩት አንድ ስለሚመስላቸው።

ልጅቷ ኮምፒውተሩን ልትዘጋው እጇን ዘረጋች።

«ቆይ እስቲ!»

«ምነው?»

«እነዚህ አንድ ሰው አይደሉም።»

«እነማን?»

«ይቺ የላይኛዋ ሹካ ናት። ሦስት ጣት አላት፤ ወደ ላይ ነው። ያቺ የታችኛዋ ሁለት እግር ናት፤ ቆማለች።» እናትየው ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። «እኔ ብሆን ይሄን ኮት ለዚህ ሰው አልሰጥም።»

ልጅቷ ጠጋ አለች። ከላይ «ሥራ»። ከታች «ስራ»። ጠዋት ሙሉ ሃያ ጊዜ አንብባዋለች። ሃያ ጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ሰምታለች፤ ሃያ ጊዜም ማሽኑን ሰድባለች። መምህሩ ዝርዝሩን በንጉሡ ሠ ጽፈዋል። ድምፁን የቀዳችው ሴት ፋይሏን በእሳቱ ሰ ሰይማለች። ለሰው ጆሮ አንድ ናቸው። ማሽን ግን የሚያየው መልክ ነው፤ ልክ እንደ እናትየው።

«እማዬ!» አለች።

«ምን አጠፋሁ?» አለች እናትየው ደንግጣ እጇን እየሰበሰበች።

ልጅቷ ጉንጯን ሳመቻት። የፋይሉን ስም አስተካክላ ማሽኑን አስጀመረችው። መስመሮቹ ሮጡ። ጥቂት ሄደው ደግሞ ቀጥ አሉ፦ «ፀሐይ አልተገኘም።»

«ይሄስ እውነት ነው፤ ዛሬ ደመና ነው» አለች እናትየው በመስኮቱ እያየች።

ከዚያ በኋላ ሥራው የእሷ ሆነ። ልጅቷ ዝርዝሩን በአንድ በኩል፣ የፋይሎቹን ስም በሌላ በኩል አድርጋ ፊደሉን አተለቀችላት። እናትየው መነጽሯን ጠርጋ እንደ ደንበኛ ቁራጭ ወረቀት አንድ በአንድ አስተያየች። ከአራት መቶ ቃል ሰባት አገኘች። «ይቺ አንገቷ ዞሯል።» «ይቺ ክብ ናት፤ ያቺ እግር አውጥታለች።» ልጅቷ ታርማለች፤ እናትየው ታልፋለች። አንድ ጊዜ ልጅቷ ቸኩላ መስመር ስትዘል፣ «ቀስ በይ አንቺ፤ የሰው ልብስ ነው» ብላ ተቆጣቻት። በዕድሜዋ ሙሉ ስላዘገመች ስታፍር የኖረችን ሴት፣ በዚያ ከሰዓት በኋላ ማንም ፍጠኚ አላላትም።

አሥር ሰዓት ላይ ግንባታው አለቀ።

«አሁን ጫኚው» አለች ልጅቷ።

«ምኑን ነው የምጭነው?»

«ቁልፏን። ይቺን ትልቋን። አንቺ ነሽ የምትጭኚው።»

እናትየው እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ እርጥብ እንዳይሆን። ከዚያ በአንድ ጣት፣ ደወል እንደምትደውል አድርጋ ጫነችው። ማሽኑ ለአፍታ አሰበ። «ተጭኗል» አለ። ልጅቷ ፕሮግራሙን ከፈተችው። መጀመሪያ የወጣው ቃል ያው ነበር። እናትየው ቁልፉን ጫነች።

«ሥራ» አለች የማታውቃት ሴት፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

እናትየው ሰው ቤት የገባ ይመስል ከበርጩማዋ ተነሳች። «እንኳን ደህና መጣሽ» አለቻት።

ልጅቷ ያገኙትን ሁሉ ለመምህሩ ጻፈችላቸው። እሁድ ማለዳ መልሳቸው መጣ። አመስግነው፣ ስህተቱን ያገኘው ሰው ስሙ ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ከምንጩ ጋር አብሮ የሚሄድ «ምስጋና» የሚባል ጽሑፍ አለ፤ የረዱ ሰዎች ሁሉ እዚያ ይሰፍራሉ።

«ማን ልበላቸው?» አለች ልጅቷ።

«ኧረ እኔ ምን ሠራሁና! የሠሩት እሳቸው፣ ያነበበችው ሴትዮዋ፣ የሰፋሽው አንቺ። ስሜን ሰው ያውቀዋል፤ ራዲዮኗ ብትሰማ ደግሞ…» አሰበች። «ክፍል ውስጥ የሚጠሩኝን ጻፊ።»

ከዚያ የልጅቷ ዕቃ በሳሙና ካርቶኖቹ ታሰረ። አምስቱ ሞሉ። አውቶቡስ ተራ እናትየው አላለቀሰችም፤ እቤት ስትመለስ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ አለቀሰች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ራዲዮኗ በሩ ላይ ነበረች፤ ስኳር ልትበደር መጥታ።

«ልጅሽ ናት? አምጪ ላንብብልሽ።»

«ቆይ እስቲ» አለች እናትየው።

ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ቆመች። ፊደሎቹ ተሰልፈው መጡባት። አልተደናገጠችም፤ አንዱን ያዘች፤ ቀጥሎ ያለውን ያዘች፤ ሁለቱን አገናኘች። ያላወቀችውን ወደ ኮምፒውተሩ ወስዳ ፊደሎቹን አንድ በአንድ መታችና ሴትዮዋን ጠየቀች። ራዲዮኗ ስኳሩን ይዛ አንድ ጊዜ በዚህ እግሯ፣ አንድ ጊዜ በዚያ እግሯ እየቆመች ጠበቀች። ግማሽ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው።

«እማ ደህና ነኝ። ዛሬ ስራ ጀመርኩ። ክፍሌ መስኮት አለው። ምስጋናውን ክፈቺና የመጨረሻውን መስመር አንብቢ።»

«ምን አለች? ደህና ናት?» አለች ራዲዮኗ።

«ደህና ናት» አለች እናትየው። ሌላውን ለራሷ አስቀረችው።

ጎረቤቲቱ ከወጣች በኋላ ልጅቷ እንዳሳየቻት ምስጋናውን ከፈተች። ረጅም ነበር፤ ከየአገሩ የማታውቃቸው ሰዎች ስም። የመጨረሻው መስመር ላይ እስክትደርስ ሻዩ ቀዘቀዘ። «እትዬ ቆይ እስቲ፤ ሥራ ላገኘችልን።» ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከመጨረሻው ወደ ላይ ተመለሰችና የሌሎቹንም ስም ማንበብ ጀመረች፤ እያንዳንዱ ስም ላይ ስትደርስ ድምፅ አውጥታ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች። ሁሉንም ለመጨረስ እስከ ሐሙስ ወሰደባት።

የልጇን «ስራ ጀመርኩ» አስተያይታ የመለሰችላት መልእክት በሕይወቷ የመጀመሪያው ነው። አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ሥራ በሹካዋ ነው።»

እሁድ ዕለት ከዚያች ቤት የሄደችው ልጅቷ ናት፤ ከአምስት ካርቶን ጋር። እናትየው ቀረች፤ አሮጌው ኮምፒውተርና አንድ ባዶ ካርቶን አብረዋት ቀሩ።